የሰይድ ላም በዘነበች ግቢ

ጥቅምት 20፣ ሐሙስ፣ ከቀኑ 10 ሰዓት

እንደገና ስብሰባ። እንደገና ድንጋይ ላይ መቀመጥ። የሴፍቲኔት ተረጂ ምርጫ ነው። የመንደሩ ኮሚቴ ስም ያነባል፣ ሕዝቡ ይስማማል ወይ ያጉረመርማል፣ እኔ እፈርማለሁ። የወረዳው ማኅበራዊ ጉዳይ ባለሙያ ነኝ እኮ። የአንኮበር ንፋስ ግን ማዕረግ አያውቅም፤ ሻሼን ሁለቴ ወስዶብኝ ሰው ሁሉ ሳቀብኝ።

ኮታው ካምናው ቀንሷል። ለምን? ከላይ ነው የመጣው። እዚህ አገር ከላይ የሚመጣው ወይ ውርጭ ነው ወይ ኮታ።

ዘነበች ተሰረዘች። ባሏ የሞተባት፣ ከቤተ ክርስቲያኑ በታች ያለችው፣ የሦስት ልጆች እናት። ትልቋ ሰብለ ሰባተኛ ክፍል ናት፤ ትንሹ ገና ይድሃል። ምክንያት፦ ግቢዋ ውስጥ የምትታለብ ላም ታስራለች። ሰብሳቢው አነበበ፣ ቅሬታ ያለው አለ ወይ ብሎ ጠየቀ፣ ሁሉም መሬት መሬቱን አየ። እሷም ዝም። ዘነበች ላም ከየት አመጣች ብዬ ገረመኝ እንጂ አልጠየቅሁም። መሽቶብኛል፣ መኪናው ይጠብቃል። ፈረምኩ።

ጥቅ. 22፣ ቅዳሜ፣ ደብረ ብርሃን

ቤቴ። እማዬ አልጋዋ ላይ ሆና ዓለምን ትረግማለች። ጉልበቷ ብሶበታል፣ ሽንት ቤት እንኳ ያለ ደጋፊ አትሄድም። ሠራተኛችን ፋብሪካ ተቀጥራ ሄደች። ደግ አደረገች፣ እኔም ብሆን እሄድ ነበር። ግን ከሰኞ እስከ ዓርብ እማዬን ማን ያያት? ጎረቤቷ ብቅ እያለች ነው፤ የጎረቤት ትዕግሥት ደግሞ ያልቃል።

እማዬ ታዲያ መፍትሔ አላት። ከዚያ ከምትውይበት ገጠር አንዲት ልጅ ይዘሽልኝ ነይ አለች። ተቆጣሁ። እኔ የሕፃናት ጉልበት ብዝበዛ ላይ ሥልጠና የምሰጥ ሴት፣ እኔ? እሷም ሥልጠናሽ ይደግፈኝ እንግዲህ ብላ ወደ ግድግዳው ዞረች። አፏ አሁንም አልታመመም።

ጥቅ. 25፣ ማክሰኞ

ትምህርት ቤት ነበርኩ። የምገባው ድስት ወጥ ቤቱ በር ላይ ተደፍቷል፣ ሥሩ ዶሮ ተኝታለች። ረጂው ድርጅት ፕሮጀክቱ አለቀና ወጣ። መንግሥት ይረከባል ተባለ። መንግሥት እየተረከበ ነው፣ ዓመት ሊሆነው። ርእሰ መምህሩ ከእረፍት በኋላ ግማሹ ልጅ አይመለስም አለኝ። የተመለሰውም ጠረጴዛ ላይ ይተኛል።

ሰብለ አልተኛችም። ፊት ወንበር ላይ ናት፣ እጇ እንደወጣ ነው፣ መምህሩ ሌላ ልጅ ቢጠይቅም አትወርድም። ስትወጣ ጠበቅኋት። ላማችሁ እንዴት ናት አልኳት፣ እንዲያው ለጨዋታ። የኛ አይደለችም፣ የጋሽ ሰይድ ናት አለች። ልጅ መቼም አይዋሽም።

ቤቷ ሄድኩ። ዘነበች ልጇን በዓይኗ ገደለቻት፣ ከዚያ ቁጭ አለችና ተናገረች። ሰይድ ታች አልዩ አምባ ያለ ገበሬ ነው፣ የሟች ባሏ ወዳጅ። ገብስና በርበሬ ይለዋወጡ ነበር። ትንሹ ልጅ ከስቶ ከስቶ ሊሞት ሲደርስ ሰይድ ሰማ። ላሚቱን እየነዳ ያንን ዳገት ወጣ፣ በርቢ ሰጣት፤ ትቀልባለች፣ ወተቱ የሷ፣ ጥጃው የጋራ። ልጁ ዳነ።

ለምን ይህን አደባባይ ላይ አልተናገርሽም አልኳት። አየችኝ። ሰይድም በቀበሌው ተረጂ ነው። ማሽላው ሁለት ክረምት ከድቶታል፣ ቤቱ ልጅ በልጅ ነው። ላም አለው ከተባለ ይሰረዛል። ልጄን ያተረፈልኝን ሰው ላሰርዝ? ወጪት ሰባሪ ልሁን? አለች። መንደሩ ሁሉ ያውቃል። ለዚህ ነው መሬት ያየው። ክፉ ሆኖ መስሎኝ ነበር።

ሌላም ነገር። ድጋፉ ከቀረ ሰብለን አዲስ አበባ የምትወስዳት ሴት አለች። ደላላ ናት፣ አክስት ነኝ ትላለች። ኅዳር ውስጥ እመጣለሁ ብላለች። ሰብለ በር ላይ ቆማ ትሰማለች። አልሄድም አለች፣ ለማንም ሳይሆን ለአየሩ።

ጥቅ. 27፣ ሐሙስ

ለአለቃዬ ለአቶ መስፍን ነገርኩት። የማን እንደሆነች ሳልናገር፣ ላሚቱ የሷ አይደለችም ብቻ አልኩ። መመሪያው ግቢ ውስጥ የታየ ከብት ይላል፣ የማን ነው አይልም አለኝ። ክፉ ሰው አይደለም፤ የደከመው ሰው ነው። ጫፍ ግን ሰጠኝ። አጣሪ ቡድን በየቀበሌው ይዞራል። ቅሬታ ታስገባ፤ ሲመጣ ላም ከሌለ ተቀባይነት ያገኛል።

ይኸው! ላሚቱ ለጥቂት ጊዜ ትውረድ፣ ቡድኑ ግቢውን ይየው፣ ትመለስ። ዕዳው ገብስ ነው። ለምን እስካሁን ማንም አላሰበውም?

ዛሬ ደስ ብሎኛል፣ ደብተሬ፣ ልንገርህ። ከስንት ጊዜ በኋላ።

ጥቅ. 28፣ ዓርብ፣ አልዩ አምባ

ቁልቁለቱ ጉልበቴን በላው። ከላይ በጋቢ ተነሥቼ እዚህ ሹራቤን በእጄ ይዤ ደረስኩ። ሰይድን ከጁምዓ ሶላት ሲወጣ አገኘሁት። ረጅም፣ ቀጭን፣ ተጫዋች። ወረዳ በእግሩ ሲወርድ ዛሬ አየሁ፣ ዝናብም ሊመጣ ነው ማለት ነው ብሎ አሾፈብኝ።

ነገሩን ስነግረው ጨዋታው ጠፋ። ስለ ራሱ አልጠየቀኝም። የጠየቀኝ ሕፃኑስ ብሎ ነው፤ ወተቱ ሲቋረጥ ምን ይጠጣል? ለጥቂት ቀን ነው አልኩ። በጨበጣ ነው ያልኩት። እሱ ግን አመነ፤ አንቺ ካልሽ፣ አላህ ኸይር ያርገው አለ። ወንድሙ ዘንድ እንደሚያቆማት፣ እሱ ግቢ እንደማትታይ ነገረኝ። እኔም ይበቃል አልኩ።

ሚስቱ ሳትበዪ አትወጭም ብላ አስቀመጠችኝ። ልጆቹ እኔ ስበላ ያዩኛል። አንዴ ጎረስኩና ጠገብኩ አልኩ። ሳህኑን ወሰደችላቸው።

ኅዳር 1፣ ሰኞ

ላሚቱ ወረደች። ሰብለ አንገቷን ይዛ አለቀሰች፣ ሰይድ ቀልድ ነገራት፣ አልሳቀችም። ጥጃውም ተከተለ። ሕፃኑ ባዶ ጣሳ ይዞ እናቱ ላይ ይንጠላጠላል፤ ማታ ማታ የሚጠጣበት ነው። ዘነበች መረቀችኝ። እንደ ሰው ያቁምሽ አለች። አሜን አልኩ። እውነቱን ልንገርህ፣ ብልህ ነኝ ብዬ ነበር የተመለስኩት።

ኅዳር 4፣ ሐሙስ

ቡድኑ አልመጣም። ነዳጅ የለም።

ኅዳር 6፣ ቅዳሜ

ዛሬም የለም። ላይኛው መንገድ ተዘግቷል አሉ። ለምን እንደተዘጋ አይጠየቅም። ይከፈታል፣ ይዘጋል፣ ሰው ለምዶታል።

ደብረ ብርሃንም ሳልሄድ ቀረሁ። እማዬ በስልክ አለቀሰች። ጎረቤቷ ልጇ ታሞባት ልትመጣ አልቻለችም። ሌሊቱን እንዴት እንዳሳለፈች አልነገረችኝም፣ እኔም ደፍሬ አልጠየቅኋትም።

ኅዳር 9፣ ማክሰኞ

በችኮላ ነው የምጽፈው። ጽሑፌ ካልተነበበልህ ይቅር በለኝ።

የላዩ መንገድ ቢዘጋ ቡድኑ የታቹ ተከፍቷል ብሎ ቁልቁል ወረደ። ወደ ሰይድ ቀበሌ። ቡድን መጣ ሲባል ወንድምዬው ደነገጠ፤ እሱም ተረጂ ነዋ። ማንም ግቢው ውስጥ ላም እንድትታይበት አይፈልግም። በሰው ላም ምን ፍጠር ትለኛለህ ብሎ በጠዋት ነድቶ ለሰይድ መለሰለት። ሰይድ ወዴት ያድርጋት? ቡድኑ ሲገባ ላሚቱ ከነጥጃዋ በር ላይ ቆማለች።

ተሰረዘ። ከነልጆቹ።

አቶ መስፍን እንደ ምሥራች ነው የነገረኝ። ደብቆ የኖረ ተገኘ፣ አጣሪው ጥሩ ሠራ አለ። የላይኛው ቀበሌስ አልኩት፣ የዘነበች ቅሬታስ? በጀቱ ተዘጋ፣ ማጣራቱ አበቃ፣ ለከርሞ። ለከርሞ! ጮህኩበት። ቢሮው ሁሉ ሰማ። ያ ሰው አልተቆጣኝም። ኮታው ሞልቷል፣ እሷን ላስገባ ማንን ላውጣ? አንቺ ሁሉንም ታውቂያቸዋለሽ፣ አንዱን ስም ጥሪልኝና አሁን አወጣዋለሁ አለኝ።

አሰብኩ። አየህ፣ ማሰቤ ነው የሚያሳፍረኝ። ያንን ሽማግሌ፣ ያችን ዓይነ ስውር፣ እነዚያን እናት የሌላቸውን ልጆች፣ አንድ በአንድ በልቤ አወጣሁ፣ መለስኩ። ማንንም አልጠራሁም። ወጥቼ ሄድኩ።

ኅዳር 10፣ ረቡዕ

ለሰይድ ደወልኩ። ይሰድበኝ ብዬ ተዘጋጅቼ ነበር። አልሐምዱሊላህ አለ። ላሚቱን ሸጧት፤ ልጆቹ ምን ይብሉ? አንቺ ለኸይር ነው ያሰብሽው፣ ልብሽን አትጉጂ፣ ሕፃኑ ግን እንዴት ነው አለኝ። ስልኩን ዘጋሁበት።

ከድጡ ወደ ማጡ። ላም አለኝ በሰማይ ወተቷንም አላይ ይባላል። የዘነበች ላም ምድር ላይ ነበረች፣ ወተቷም ይታይ ነበር። ሰማይ የሰቀልኳት እኔ ነኝ። መንደሩ ዝም ብሎ ተሸክሞት የኖረውን ነገር፣ እኔ ብልጧ መጥቼ ላቃልለው ብዬ አፈረስኩት። ሁለት ቤት ነው ያፈረስኩት።

ኅዳር 13፣ ቅዳሜ

ትናንት ሚካኤል ነበር። ሕዝቡ ለብሶ ወጥቷል፣ እኔ ተደብቄ ዋልኩ። ዛሬ ግን ዘነበች ጋ ሄድኩ። የግድ ነበር።

ሕፃኑ ከስቷል። እጁን ስይዘው ጣቶቼ ተገናኙ። የሴቶቹ ማኅበር፣ ያ እኔ ራሴ ያቋቋምኩት፣ ለችግረኛ ልጆች ገብስ በጣሳ የሚያዋጡት፣ ትናንት ከቤተ ክርስቲያን መልስ ተሰብስበው ነበር። ዘንድሮ ውርጭ መትቷቸዋል። ያም ሆኖ እያንዳንዷ ከጓዳዋ ጠርጋ አመጣች። አንዷ የሰጠችው ለዘር ያስቀመጠችውን ነው። አውቃለሁ፣ አይቼዋለሁ። ባለ ቀለም ጥናት ላይ የማኅበረሰብ አቅም የሚሉት ይህን ነው። ሴትዮዋ ለከርሞ ምን ልትዘራ ነው? ጥናቱ እዚያ ድረስ አይሄድም።

ለሕፃኑ ይበቃል፣ ለጊዜው። ለሦስቱም አይበቃም።

ደላላዋ ሰኞ ትመጣለች። ዘነበች አልወቀሰችኝም። ብትወቅሰኝ ምን ነበረበት! ቁጭ አለችና እናትሽ ታመዋል አሉ፣ ሰው የላቸውም አሉ አለች። ገባኝ፣ ከመናገሯ በፊት ገባኝ። ሰብለን አንቺ ውሰጃት አለች። ለማላውቃት ሴት ከምሰጣት፣ ቤቷን ለማላውቀው። አንቺ ታስተምሪያታለሽ። እሷም እናትሽን ትረዳለች። እንደ ልጅሽ ትሁን።

ላስብበት አልኩ። ሰብለ ደብተሯን ጉልበቷ ላይ አድርጋ የቤት ሥራዋን ትሠራ ነበር። ቀና አላለችም፤ እርሳሷ ግን ቆሟል።

ኅዳር 14፣ እሑድ

ማሰብ አልቻልኩም። ሕጉን አውቀዋለሁ፣ በቃሌ ነው። ልጅ ከቤተሰቡ አይለይ። ልጅ አይሠራ። ድጋፉ ቤተሰቡ ባለበት ይሁን። እኔ ነኝ እኮ የማስተምረው፣ ደጋግሜ፣ ውሃ እየጠጣሁ። ቤተሰቡ ባለበት ግን ምን አለ? ኮታ ሞልቷል፣ ድስት ተደፍቷል፣ ላም ተሸጣለች።

ካልወሰድኳት ነገ ደላላዋ ትወስዳታለች። አዲስ አበባ የሄዱትን አውቃለሁ። የተመለሱትን ማለቴ ነው።

ከወሰድኳትስ? ብከፍላት ሠራተኛዬ ናት። ባልከፍላት ሌባ ነኝ። ላስተምራት? አዎ፣ አስተምራታለሁ። እምላለሁ። ግን ለማን ነው የምምለው፣ ላንተ? አንተ ወረቀት ነህ፣ ሁሉን ትችላለህ።

ከዚህ ሁሉ ሥር ደግሞ አንድ ነገር አለ። እማዬ ሰው ታገኛለች ብዬ ልቤ ቀሎታል። ጻፍኩት። ሆድ ይፍጀው ብል ይሻል ነበር።

ኅዳር 15፣ ሰኞ

ወሰድኳት። ጠዋት፣ ደላላዋ ሳትደርስ፣ እንደ ሌባ።

ዘነበች እስከ መኪናው አልመጣችም። በር ላይ ሳመቻት፣ ጆሮዋ ላይ የሆነ ነገር ነገረቻት፣ ገባች። ሰብለ ከለበሰችው ዩኒፎርምና ከትምህርት ቤት ደብተሯ በቀር የያዘችው ነገር የለም። ሚኒባሱ ውስጥ አስታወካት። ይቅርታ፣ ይቅርታ ትላለች። ደብረ ብርሃን መግቢያ ላይ ፋብሪካዎቹን አይታ እነዚያ ሁሉ ትምህርት ቤት ናቸው ብላ ጠየቀችኝ።

እማዬ ስታያት አበራች። ነይ እስቲ ልጄ፣ አባትሽ ማን ነው፣ የማን ዘር ነሽ አለች። ዛሬ ጾም ገብቷል፤ ሽሮ አብረን በላን። ሰብለ ሁለት ጊዜ ጎርሳ አቆመች። ምነው አልኳት። ወንድሞቼ በልተው ይሆን አለች።

ኅዳር 17፣ ረቡዕ

ፈቃድ ወሰድኩ፣ ትምህርት ቤት ልዞር። የመጀመሪያው፦ ክፍል ሞልቷል። ሁለተኛው፦ መሸኛ አምጪ። ለአንኮበሩ ርእሰ መምህር ደወልኩ፣ ደግ ሰው ነው፣ ዛሬውኑ እልካለሁ አለ። ሁለተኛው ይህን ሲሰማ ቢመጣም ምዝገባ ተዘግቷል፣ ለመስከረም አለኝ። ተፈናቃይ ልጆችንም አልቻልናቸውም አለ፣ እውነቱን ነው፣ አንድ ዴስክ ላይ ተደራርበው አይቻለሁ። የግል ትምህርት ቤቱን በር አልፌ ሄድኩ፤ አቅሜን አውቃለሁ።

ሰብለ ዩኒፎርሟን ለብሳ ስትከተለኝ ዋለች። የአንኮበሩን። ቤት ስንገባ አወለቀችው፣ አጥፋ አስቀመጠችው። እስከ መስከረም ምን ልሥራ አለችኝ። አንብቢ አልኳት። ቤት ውስጥ ያለው መጽሐፍ የኔ የሥልጠና መመሪያ ነው። እሱን ማንበብ ጀመረች፣ ድምፅ አውጥታ፣ ለእማዬ። ሕፃናት የመጫወት መብት አላቸው ስትል እማዬ አሜን አለች።

ኅዳር 19፣ ዓርብ

ቢሮ። ለዞኑ ስለ ሰይድና ስለ ዘነበች የሆነውን ሁሉ ጽፌ ሰጠሁ፣ የራሴንም ጥፋት ጨምሬ። አቶ መስፍን አነበበው። እልከዋለሁ፣ ግን የሚያነበው ሰውም ኮታ አለበት አለኝ። ከዚያ ቀስ ብሎ ልጅቷ አንቺ ዘንድ ናት አሉ አለ። አዎ አልኩ። የኔ ቤትም አንዲት አለች፣ ከመዘዞ የመጣች ልጅ ናት አለና ወጣ።

ኅዳር 21፣ እሑድ፣ ምሽት 1 ሰዓት

እማዬ ጸጉሯ ታጥቦ ተጎንጉኗል። አንሶላው ተቀይሯል። ወለሉ ያበራል። ዓርብ ማታ ከሥራ ስመጣ ቤቱ ቤት ሸተተኝ፣ ከስንት ወር በኋላ። እማዬ ይህችን ልጅ ማን ሰጠን ትላለች።

ነገ ሥልጠና አለ፣ እዚሁ ከተማ፣ ሆቴል ውስጥ። ከየወረዳው ይመጣሉ። ርዕሱ የሕፃናት የቤት ሠራተኝነት፣ አሠልጣኟ እኔ። ልቀርበት አሰብኩ። ብቀር ሌላ ሰው ያንኑ ይናገራል፣ እሱም ቤቱ አንዲት አለች። እሄዳለሁ።

ነጭ ሸሚዜ ወንበሩ ላይ ነው። ታጥቧል፣ ተተኩሷል። ተይ ብያት ነበር። ግን ተይ ስል ድምፄ የላላ ነበር፤ ሸሚዙ ያስፈልገኛላ።

አንኮበር ሳለች ቲቸር ነበር የምትለኝ፣ እንደ ልጆቹ ሁሉ። ዛሬ እትዬ አለችኝ። ማን እንዲህ በይ አለሽ አልኳት። እናቷ ናት። በር ላይ ጆሮዋ ውስጥ የነገረቻት ያን ነው፦ እትዬ በያት፣ ስትነሣ ተነሺ፣ ሳትጠራሽ ቅረቢ፣ እንዳትመልስሽ። ዘነበች ልጇ ወዴት እንደምትሄድ ከኔ ይልቅ ታውቅ ነበር። እንደ ልጅሽ ያለችኝ እኔ እንዳላፍር ነው።

አይሆንም። ወስኛለሁ። ይህን ጽፌ ስጨርስ እነግራታለሁ፣ እትዬ እንዳትለኝ፣ እንዳትነሣልኝ፣ ቤቱ የሷም እንደሆነ። ዛሬውኑ። ነገ ሳይሆን።

መጣች። እራት ደርሷል ትላለች። ማስታጠቢያውንና ሳህኑን ይዛ ጎንበስ ብላለች፣ ፎጣው ክንዷ ላይ ነው። ውሃው ይተናል፤ ብርዱን አይታ አሙቃልኛለች። እኔን አታይም፣ እጄን ነው የምታየው፣ እስክዘረጋ።

ሳይቀዘቅዝ ልታጠብ።